የሊስትሮው እጅ

ግንቦት 2001 ዓ.ም. ነው። አራት ኪሎ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ አንድ ፎቶ እስኪጫን እጠብቃለሁ። መስመሯ እየተንፏቀቀች ሰማንያ በመቶ ትደርስና ቀጥ ትላለች። ሒሳቡ በደቂቃ ስለሆነ መስመሯ በቆመች ቁጥር ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሰዓት ይሄዳል። ኪሴ ውስጥ ያለችው ገንዘብ ለኢንተርኔቱና ለታክሲ ነች፤ ፎቶው ካልቸኮለልኝ እስከ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን በእግሬ መውጣቴ ነው።

ፎቶውን ያነሳሁት በዚያው ሳምንት ፒያሳ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ አካባቢ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው የምለው ሊስትሮ የአንድ ሽማግሌ ጫማ ይወለውላል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፍተው ጋዜጣ ዘርግተዋል። የጠዋቷ ፀሐይ በጎን ገብታ የጫማው አፍንጫ ላይ አርፋለች፤ ጥቁሩ ቆዳ ሳንቲም የምታህል ነጭ ብርሃን ተሸክሟል። እኔን ያስቆመችኝ ያቺ ብርሃን ነበረች። ካሜራዬ አክስቴ ከዱባይ ይዛልኝ የመጣችው ኒከን ዲ40 ናት፤ 6 ሜጋፒክስል፣ ያው አብሯት ከሚሸጠው 18-55 ሌንስ ጋር። ያኔ ከእሷ የተሻለ ካሜራ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የምጭነው ፍሊከር ላይ ነው። ፌስቡክ ገና አዲስ አበባን አልያዛትም፤ ኢንስታግራም ጭራሽ አልተወለደም። ፍሊከርን እ.ኤ.አ. በ2004 ቫንኩቨር ውስጥ የጀመሩት ሰዎች በዓመቱ ለያሁ ሸጠውት ስለነበር በያሁ ኢሜይል ይገባል። በዚያ ዘመን ያሁ ኢሜይል ያልነበረው የከተማ ልጅ ማን ነበር? ፎቶህን የወደደ ሰው ኮከብ ይጫናል፣ ኮከቧ ሮዝ ትሆናለች፤ በቃ። የሚናገረው ያለው ደግሞ ከሥር ይጽፋል።

በማግስቱ ተመልሼ ስከፍተው አሥራ አንድ ኮከብና አራት አስተያየት ጠበቁኝ። «ግሩም ቀረጻ!» ይላል አንዱ። «ድንቅ ቀለም!» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ምንም ሳይጽፍ የሚብለጨለጭ ሜዳሊያ ለጥፎልኛል። አራተኛው ግን ከፎቶው ሥር የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ማስታወሻዎቼን ፎቶው ላይ ተመልከት።»

በዚያን ጊዜ ፍሊከር ላይ፣ ኋላ ገጹን ሲያድሱት የጠፋ አንድ ነገር ነበር። የሰው ፎቶ ላይ በማውስ አራት ማዕዘን ሥለህ ውስጡ መጻፍ ትችላለህ፤ ባለቤቱ ማውሱን ሲያሳልፍበት ጽሑፉ ብቅ ይላል። ማውሴን አሳለፍኩት። ሦስት ሳጥኖች ወጡ።

የመጀመሪያው ግራው ጠርዝ ላይ ነው፦ «ልጁ እዚህ አንጓው ላይ አለቀ። ብሩሹን የያዘው እጅ የት ሄደ?» ሁለተኛው ሽማግሌው አናት ላይ፦ «ከባርኔጣው ላይ የመብራት እንጨት በቅሏል።» ሦስተኛው ጫማው ላይ ነው፦ «ይህችን ብርሃን አይተሃል። ዓይን አለህ። አሁን የቀረውን እይ።»

ደሜ ፈላ። ፎቶውን ቢያንስ ሃምሳ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እጁ መቆረጡን አላየሁም። አንዴ ከተነገረኝ በኋላ ደግሞ ከእጁ ሌላ የሚታየኝ ነገር ጠፋ። ልጁ በግራው ሳጥኑን ተደግፏል፤ ቀኙ፣ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ቀኙ፣ ከፎቶው ውጭ ነው። እንጨቱም እውነት ነው፤ ከሽማግሌው ባርኔጣ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሽቦውን ግራና ቀኝ ዘርግቷል። «ማን ጠየቀህ?» የሚል መልስ በእንግሊዝኛ ጀመርኩና ሰዋስዉ አላምር ብሎኝ ተውኩት። ስድብ በሰው ቋንቋ ይከብዳል።

ሰውዬው ማን እንደሆነ ለማየት ገጹን ከፈትኩ። በስሙ ቦታ የአንድ ወፍ ስም ነው ያስቀመጠው። ሊዝበን ከተማ የትራም ጠጋኝ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እንግሊዝኛው እንደ እኔው የተሰባበረ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑት፤ ግጥም ለማስመሰልም አቅም የለውም።

በሚቀጥለው ጠዋት፣ እልህ ይዞኝ ይሁን እፍረት፣ እዚያው ቦታ ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ ከሩቅ አወቀኝ።

«በቀደም አንስተኸኝ የለ እንዴ? ምኑ ተበላሸ?»

«እጅህን ቆርጬዋለሁ።»

እጁን ዘረጋና አገላብጦ አየው። «ይኸው አለ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የሆነ ነገር የገባው ይመስል ብሩሹን ያዘና «ይሄኛውን ነው? ቀለም የበላውን?» አለኝ። የጣቶቹ ጫፎች እስከ ሁለተኛው አንጓ ጥቁር ናቸው፤ በጥፍሮቹ ዙሪያ ያለው ጥቁረት ግን ሌላ ነው፣ በሳሙና የማይለቅ፣ ቆዳው ውስጥ የገባ። ሳንቲም የምታህለዋ ብርሃን ከየት እንደመጣች ያን ጊዜ ነው የታየኝ። መጀመሪያ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይጠቀልላል፣ ቀለሙን በክብ በክብ ያሳርፋል፣ ብሩሹን ያጣድፋል። ከዚያ በብሩሹ ጀርባ የሳጥኑን ጎን ጠቅ ያደርጋል፤ እግር ቀይር ማለት ነው። ደንበኛው ጋዜጣውን ሳይለቅ፣ ልጁን ሳያይ፣ እግሩን ይቀይራል። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጠቅታዋን ሺህ ጊዜ ሰምቼ ሺህ ጊዜ እግሬን ቀይሬያለሁ። አንድም ቀን እጁን አላየሁትም።

አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቆምኩ። የመብራት እንጨቱ ከባርኔጣ ላይ ወረደ። አሁን የተቀመጡት ሌላ ደንበኛ ናቸው፤ ብሩሹ አየር ላይ እንዳለ፣ ሳጥኑን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ እግራቸው ገና ሳይነሳ ያዝኩት። ብርሃኗ እንደዚያች ቀን አልነበረችም። ግድ አልሰጠኝም።

ለነገሩ እንዲህ ያለ አስተያየት ለእኔ ባዳ መሆን አልነበረበትም። ፎቶ የተማርኩት ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ፊልም እያጠብኩ፣ ጉርድ ፎቶ እየቆረጥኩ፣ ወለል እየጠረግሁ። ባለቤቱን ጋሼ እንላቸዋለን። ግድግዳው ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ባሕር አለ፣ ባሕሩ ላይ ሁለት ዝይ የሚመስሉ ነጫጭ ወፎች፤ የከተማው ሰው ሁሉ ሙሽራም ሆነ ምሩቅ እዚያ ባሕር ዳር ቆሞ ይነሳል። ካሜራው የቆመበት ባለሦስት እግር መደገፊያ ከቦታው አይነቃነቅም። ብረት የለበሱት እግሮቹ የጣውላውን ወለል በስተው ሦስት ጉድጓድ ሠርተዋል፤ ስጠርግ ነካ ካደረግሁት ጋሼ ከጓዳ ሆነው ያውቃሉ፣ «መልሰው!» ይላሉ።

እሳቸው ያነሳሁትን ሲያዩ «ጥሩ ነው» ብለው አያውቁም። ፎቶውን ይቀበሉኝና ይዘቀዝቁታል። ሰውየው በጭንቅላቱ ቆሞ፣ ሰማዩ ታች ሆኖ፣ ዝም ብለው ያዩታል። ሲዘቀዘቅ ፊት ፊት መሆኑ ይቀርና ብርሃንና ጥላ ብቻ ይሆናል፤ የቱ ጋ እንደከበደ፣ የቱ ጋ እንደተንጋደደ ያን ጊዜ ይወጣል። ከዚያ በጥፍራቸው አንድ ቦታ ይነኩና «እዚህ ጋ ዓይኔ ተደናቀፈ» ይሉኛል። ለምን ብዬ ብጠይቅ መልስ የለም። ራሴው እስካገኘው ድረስ ፎቶው መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰክቶ ይሰነብታል።

ከጋሼ ቤት ወጥቼ ፍሊከር ስገባ ግን የተቀበለኝ ሌላ ዓለም ነው። «አንድ ለጥፍ፣ ሁለት አስተያየት ስጥ» የሚሉ ቡድኖች ነበሩ። ሕጉ እንደ ዕቁብ ነው፤ የጣለ ይወጣለታል። አንተ ለሁለት ሰው ትጽፋለህ፣ ሁለት ሰው ይጽፍልሃል። ያ ሁሉ «ግሩም ቀረጻ» ከየት እንደሚመጣ ገባኝ። እኔም ገባሁበት። ደቂቃው በገንዘብ ነውና ፍላሼ ላይ በአንድ ፋይል ስድስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጅቼ ነበር፤ ኢንተርኔት ቤት ስደርስ እየቀዳሁ እለጥፋለሁ። በአሥር ደቂቃ ለሃያ ሰው አስተያየት እሰጣለሁ። ፎቶዎቹን አያቸው ነበር? ይከፈቱ ነበር እንጂ።

አንድ ቀን አንድ የአልጋ ፎቶ ገጠመኝ። ነጭ አንሶላ፣ የተከፈተ መስኮት፣ ነፋስ የነፋው ስስ መጋረጃ፤ ብርሃኑ ወተት ይመስላል። ከሥሩ በማላነበው ቋንቋ፣ ስፓንኛ ይመስለኛል፣ ሁለት መስመር ተጽፏል። አራተኛዋን ዓረፍተ ነገሬን ለጠፍኩ፦ «እንዴት ያለ ሰላም የሞላበት ማለዳ!» ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቷ መለሰችልኝ። «አዎ፣ ሰላማዊ ነበር። እናቴ ያረፈችው ሊነጋጋ ሲል ነው። አመሰግናለሁ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፋይሉን በዚያች ደቂቃ አጠፋሁት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ከዚያም በኋላ ሁለት ወር ያህል ተጠቅሜበታለሁ። የሰረዝኳት አራተኛዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

አያቴ በወጣትነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት ቆይተዋል። ተማሪው ቀን ብቻውን ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ጓደኞቹ እየሰሙ መምህሩ ያርማሉ፤ ቤቱ አልሞላም፣ ምስጢሩ ላልቷል፣ ይህ ቃል ከዚያኛው ጋር አይሄድም ይሉታል። የዋለበት ሁሉ በአንድ ቃል ሊፈርስ ይችላል። ጥሩ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ሰሚው «ይበል! ይበል!» ይላል። ይህ «ይበል» የእኛው ላይክ ነው፤ ያውም ሙሉ ቅኔ ተሰምቶ፣ ሰሙና ወርቁ ተፈትሾ የሚሰጥ ላይክ። አያቴ ሰማንያ ሊሞላቸው ሲል፣ ጠላ ሲቀመስ፣ ሁልጊዜ የሚደግሙት አንድ ቅኔ ነበራቸው። መምህራቸው የጣሉባቸው ነው። ቅኔውን ይሉና፣ መምህሩ የት ላይ እንዳስቆሟቸው፣ ምን ብለው እንዳቃኑላቸው፣ ማን ማን ቆሞ ይሰማ እንደነበር ይተርካሉ። ይበል የተባለላቸውን ንገሩን ስንላቸው ይስቃሉ። አንዱም ትዝ አይላቸውም።

የሊዝበኑ ሰውዬ ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ያህል አልተለየኝም። በወር አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሳጥኑን ይሥላል፣ ሁለት መስመር ይጽፋል፣ ይሄዳል። ኮከብ ሲሰጠኝ አይቼ አላውቅም። ጥያቄ ያበዛል። «ሴትየዋ የምትስቀው ለማን ነው?» «ዝናቡ የት አለ?» እንጦጦ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶችን ከኋላ አንስቼ ስለጥፍ «ጭነቱን አየሁ፣ ሰው አላየሁም» አለኝ። ይህን ያህል ጊዜ እኔ የእሱን ፎቶዎች ስንት ጊዜ እንዳየሁ ብጠየቅ ግን አፍራለሁ። ዝናብ ላይ የተነሱ የትራም ሐዲዶች ናቸው ብዬ አልፋቸው ነበር።

ከዚያ ፌስቡክ መጣ፣ ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆነ። ላይክ የሚሏት ቁልፍ የወጣችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ነው፤ ሠሪዎቿ መጀመሪያ ሊሏት ያሰቡት «አዌሰም» ነበር። ቢሏትም ኖሮ እኛ ሠፈር አይከብዳትም ነበር፤ «ዋው» ማለት የለመደ ሕዝብ ነው። ኢንስታግራም ደግሞ ቁልፉን ፍለጋ እንኳ እንዳንቸገር ፎቶውን ራሱን ሁለቴ መታ ማድረግ ይበቃል አለ። የሊስትሮው ብሩሽ ትዝ ይለኛል፤ ጠቅ ሲል እግር መቀየር፣ ሳያዩ።

በ2006 ዓ.ም. ጥምቀት ጃን ሜዳ ያነሳሁትን አንድ ፎቶ ፌስቡክ ላይ አወጣሁ። ታቦታቱን የከበቡ ዣንጥላዎች ናቸው፤ ቀዩንም ወርቁንም በኮምፒውተር ዓይን እስኪወጋ ድረስ ገፍቼዋለሁ። ከሺህ በላይ ላይክ አገኘ። «ገራሚ»፣ «ሀገሬ»፣ «እሳት»፣ «ጀግናው»። ሠርግ የሚያስነሱኝ ሰዎች ሳይቀሩ «እንደ ጥምቀቱ አድርግልን» ይሉኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያ የነካሁት ሁሉ ቀይ ሆነ። ቁጥሩ ሲወርድ ቀለም እጨምራለሁ፤ ቀለም ስጨምር ቁጥሩ ይወጣል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ጥፋቱን ላይክ ላደረጉት ሰዎች አልሰጥም፤ ግማሹ ታቦቱን ነው የወደደው፣ ግማሹ እኔን፣ ግማሹ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ነው። የሰው ልጅ ፎቶ አሳይቶህ «ቆንጆ ነው» ካላልክ ምን ልትል ነው? እኛ አገር የፊት ለፊት ነቀፋ ጠብ ነው። ሦስት ግማሽ አንድ ሙሉ ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁ፣ ነገሩ ግን እንደዚያ ነበር።

ያንኑ ፎቶ ፍሊከር ላይም ጫንኩትና የሊዝበኑን ሰው ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር ዘንድሮስ ኮከብ ይሰጠኛል ብዬ ነበር። ከሳምንት በኋላ መጣ። ሳጥን የሚሥልበት ነገር ያን ጊዜ ከገጹ ላይ ስለሌለ ከሥር ጻፈ፦ «ዣንጥላዎቹን አያለሁ። አንተ የት ቆመህ ነበር?»

ተናደድኩ። የት ቆምኩ ማለት ምን ማለት ነው? ጃን ሜዳ ነዋ! መልስ አልሰጠሁትም። ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ ለራሴ።

መስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ጣቴ ስልኩን እየከፈተች የሌለውን ቁጥር ትፈልጋለች፤ ሲጋራ እንዳቆመ ሰው ሆንኩ። ሥራ ስፈታ የሁለት ዓመቱን ፎቶ በፖስት ካርድ መጠን አሳትሜ ጋሼ ቤት ይዤ ሄድኩ። ስቱዲዮው በዚያን ጊዜ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። አንድ በአንድ ዘቀዘቁት። ጥምቀቱ ጋ ሲደርሱ ዘቅዝቀው፣ መልሰው አቅንተው፣ ወደ አምፖሉ አስጠጉት። «ከየት ሆነህ ነው?» አሉኝ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ከአጥሩ ጥግ፣ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሰው ሳይነካኝ፣ ማንም ሳያየኝ ነበር ያነሳሁት። ዣንጥላዎቹ ተነባብረው ያማረ ምንጣፍ ሆነዋል፤ ከሥራቸው ግን አንድም ፊት የለም።

በዚያው ዓመት፣ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ላይ ሥራ የሚያዩ ሰዎች ዘንድ ቀረብኩ፤ ሃያ ፎቶ ይዤ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ የቀሩልኝ አምስት ናቸው። ያቺ የሊስትሮው እጅ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። ጥምቀቱን ራሴው አላመጣሁትም።

ፍሊከርን ረስቼው ሳለ በ2011 ዓ.ም. አንድ ኢሜይል መጣልኝ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ስመግመግ ለሚባል ኩባንያ ተሽጧል፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ለማይከፍል ደንበኛ ከ1,000 ፎቶ በላይ አናስቀምጥም፣ ትርፉን ከጥንቱ ጀምረን እናጠፋለን አሉ። የእኔ ከሺህ አልፏል። ፎቶዎቹ ሃርድ ዲስኬ ላይ ስላሉ ግድ የለኝም ነበር፤ ግን ከጥንቱ ጀምሮ ከሆነ መጀመሪያ የሚሄደው ሊስትሮው ነው፣ ከነሥሩ ጽሑፍ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የሰውዬውን አስተያየቶች እየፈለግሁ በእጄ ደብተር ላይ ቀዳሁ። ስልሳ ሦስት ናቸው። ሳጥኖቹ ውስጥ የተጻፉትን በቃሌ ነው የሞላሁት፤ አንዱም አልጠፋኝም። ኮከብ የሰጡኝን ሰዎች ዝርዝር አላየሁትም።

ጥምቀቱ ላይ ስደርስ ጥያቄው እንዳለ ነው፤ «አንተ የት ቆመህ ነበር?» ከሥሩ ማንም የለም። አምስት ዓመት ዘግይቼ «ሩቅ» ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ወደ ገጹ ሄድኩ። የመጨረሻው ፎቶ ሐዲድ ነው፣ ዝናብ አለ፣ እ.ኤ.አ. 2015 ይላል። በዚያች ሌሊት የሰውዬውን ፎቶዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ አየኋቸው። ሐዲዶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የተነሱ ናቸው፤ አንድ መታጠፊያ፣ በየወቅቱ፣ በየሰዓቱ፣ ዓመት ከዓመት። ጠጋኝ ነበር አላልኩም? ብረቱ የት ጋ እየተበላ እንደሄደ ነበር የሚከታተለው። ከፎቶዎቹ በአብዛኛዎቹ ሥር ምንም አልተጻፈም። በአንዳንዶቹ ሥር «ግሩም ቀረጻ!» የሚል አለ፤ ሁለቱን የለጠፍኳቸው እኔ ነኝ።

ሰው ከጥፋቱ ይማራል ይባላል። የእህቴ ልጅ ፎቶ ጀመረች፤ በቴሌግራም ትልክልኛለች። «ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አውራ ጣት እሰድላታለሁ። ሠርግ ላይ ሆኜ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ እያዛጋሁ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አውራ ጣትህ አልደከመችም?» ብላ ጻፈችልኝ። ሳቅሁ፤ እንደለመደብኝ በአውራ ጣት መለስኩላት። ከዚያ መላኩን አቆመች፣ እኔም ማቆሟን ሳላውቅ ወራት አለፉ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ መፍረስ ስትጀምር እሷ በየቀኑ እዚያ ነበረች፤ የምታነሳውን ኢንስታግራም ላይ ታወጣለች። አንድ ማታ ያወጣችውን ሳየው ስልኩን ሁለት ጊዜ ልትነካ የተነሳች ጣቴ አየር ላይ ቀረች። ግማሹ የፈረሰ ቤት ነው። የቆመው ግድግዳ ላይ ባሕር አለ፣ ባሕሩ ላይ ሁለት ነጫጭ ወፎች፤ አንደኛው አንገቱ ድረስ ተልጧል። ጋሼ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሷ እዚያ ቤት ውስጥ መሥራቴን በጨረፍታ ከመስማት በቀር አታውቅም። ፎቶው ጥሩ ነው። ሦስት መቶ ምናምን ልብ ከሥሩ ተደርድሯል፣ የተሰበረም ልብ አለ፣ «ፒያሳዬ» የሚልም።

በጣቶቼ አሰፋሁትና ወለሉን አየሁ። ጣውላው ላይ፣ ከፎቶው ታችኛው ጠርዝ አጠገብ፣ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ዘቅዝቄ አየሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ፣ እያጠፋሁ እየጻፍኩ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦ «ወፎቹን አይተሻል። ታች ወለሉ ላይ ሁለት ጉድጓድ አለ። ሦስተኛው የት ሄደ?»

ወዲያው መለሰች። «የምን ጉድጓድ?»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ «ጋሼ፣ ነገ አብረን እንሂድ?»

ስንደርስ ግቢው በቆርቆሮ ታጥሯል። ዘበኛው መግባት አይቻልም አሉን፤ ለመንናቸው፣ አይሆንም አሉ፣ አልተቆጡም። ከውስጥ የስካቫተር ድምፅ ይሰማል። እሷ አጥሩን ተከትላ ሄዳ ሚስማር የተነቀለበት ቀዳዳ አገኘች፤ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ካሜራዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይመታል።

«አየሽው?» አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ።